18 ዓመት ካለፈ በኋላ በአሜሪካ ፍርድ ቤት አሳዳጊ ማስሾም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምንመልሰው አሜሪካ ውስጥ የወንድም፣ የእህት ወይም የቅርብ ዘመድ ልጅ ይዘው የሚኖሩ፣ ልጁ 18 ሞልቶት 21 ያልሞላው፣ የመኖሪያ ወረቀቱም ያልተስተካከለ ቤተሰቦች የሚጠይቁትን ነው። ጉዳዩ በአማርኛ «ልዩ የስደተኛ ታዳጊ» ሊባል የሚችለው፣ በተለምዶ «ኤስ አይ ጄ» የሚባለው፣ በወላጅ የተበደለ ወይም የተጣለ ወጣት ግሪን ካርድ የሚያገኝበት መንገድ ነው። ይህ ገጽ ጠበቃን አይተካም። ጠበቃ ፊት ሲቀርቡ ግን ምን ይዘው እንደሚሄዱና ምን እንደሚጠይቁ እንዲያውቁ ያግዛል።

ልጁ 18 ሞልቶታል። አሁን አሳዳጊ ሊሾምለት ይችላል?

በሚኖሩበት ስቴት ይወሰናል። በአገራችን በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ልጅ 18 ሲሞላው አካለ መጠን አደረሰ ይባላል፤ የአሳዳሪና የሞግዚት ነገርም እዚያው ያበቃል። ብዙ ቤተሰብ አሜሪካም ያው ነው ብሎ ስለሚያምን «ጊዜው አለፈ» ብሎ ይተወዋል። ይህ እምነት ብዙ ወጣቶችን ዕድላቸውን አሳጥቷቸዋል።

የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኤስ አይ ጄ የሚያስቀምጠው ጣሪያ 21 ዓመት ነው። ችግሩ ኢሚግሬሽን ማመልከቻውን የሚቀበለው መጀመሪያ የስቴት ፍርድ ቤት ስለ ልጁ ትዕዛዝ ሲሰጥ መሆኑና፣ የብዙ ስቴት ፍርድ ቤቶች የልጅ ጉዳይ የማየት ሥልጣናቸው 18 ላይ ማቆሙ ነው። በ18 እና በ21 መካከል የቀረውን ክፍተት የተወሰኑ ስቴቶች በራሳቸው ሕግ ደፍነውታል።

የትኞቹ ስቴቶች ናቸው?

የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርባቸው እንጀምር። ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ሜሪላንድ በ2014 ባወጣው ማሻሻያ፣ ልጁ ያላገባና 21 ያልሞላ ስደተኛ ከሆነ፣ ሰርኪዩት ኮርት (የካውንቲው ፍርድ ቤት) የአሳዳጊነት ወይም የልጅ ይዞታ (ልጁን ይዞ የማሳደግ መብት) ጉዳዩን ከኤስ አይ ጄ ጥያቄ ጋር አያይዞ እንዲያይ ፈቅዷል። ልጁ 19 ወይም 20 ዓመት ሲሆነውም ጉዳዩ እንደ አዲስ ሊከፈት ይችላል።

ቨርጂኒያ ወንዙን ተሻግሮ ያለ ጎረቤት ነው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። እዚያ የታዳጊዎችና የቤተሰብ ግንኙነት ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ሥልጣን በያዘበት ጉዳይ ላይ ወጣቱ 21 እስኪሞላው ድረስ ለኤስ አይ ጄ የሚያስፈልገውን ግኝት (ፍርድ ቤቱ አረጋግጫለሁ ብሎ የሚጽፈውን እውነታ) ሊጽፍ ወይም የቀድሞ ትዕዛዙን ሊያሻሽል ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ 18 ሳይሞላ መከፈት አለበት። አሌክሳንድሪያ የሚኖር የ17 ዓመት ልጅ ካለዎት አንድ ሳምንትም ማሳለፍ የለብዎትም። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር የ19 ዓመት ልጅ ግን መንገዱ ገና ክፍት ነው። ይህን ብሎ አድራሻ ብቻ መቀየር አያዋጣም። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው ልጁ በእውነት የት እንደሚኖር ነው፤ የትምህርት ቤት መዝገብና የቤት ኪራይ ውልም ይጠየቃል።

ኒውዮርክ ከ2008 ጀምሮ፣ ወጣቱ ከተስማማ፣ እስከ 21 ዓመት ድረስ አሳዳጊ ይሾማል። ካሊፎርኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ በፕሮቤት ፍርድ ቤት (የውርስና የአሳዳጊነት ጉዳይ በሚያየው) ይህንኑ ይፈቅዳል። ዋሽንግተን ስቴት በ2017 ከ18 እስከ 21 ዓመት ላሉ ተጋላጭ ወጣቶች የተለየ የአሳዳጊነት ሕግ አውጥቷል፤ ጉዳዩ የሚታየው በሱፒሪየር ኮርት ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግን የልጅ አሳዳጊነት ጉዳይ 18 ሳይሞላ መቅረብ አለበት።

ቆየት ያለ ስጋት ያላቸው ሰዎች አሁንም ይጠይቁናል። በ2018 ገደማ ኢሚግሬሽን «ከ18 ዓመት በላይ ላለ ሰው ትዕዛዝ የሰጠ ፍርድ ቤት የታዳጊ ፍርድ ቤት አይደለም» እያለ ማመልከቻዎችን ይጥል ነበር። በ2019 ኒውዮርክ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት አሠራሩ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ፤ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ውስጥም ተመሳሳይ ክርክሮች ቀርበዋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የተጣለን ሰው ታሪክ ሰምተው ተስፋ አይቁረጡ።

ፍርድ ቤቱ ምን ማረጋገጥ አለበት?

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ልጁ በፍርድ ቤቱ ጥበቃ ሥር መሆኑን ወይም ፍርድ ቤቱ በሾመው ሰው እጅ መሰጠቱን። ሁለተኛ፣ በጥቃት፣ በቸልታ፣ በመጣል ወይም በስቴቱ ሕግ ከእነዚህ ጋር በሚመሳሰል ምክንያት ከአንዱ ወይም ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር ተመልሶ መኖር እንደማይችል። ሦስተኛ፣ ወደ አገሩ መመለስ ለእሱ እንደማይበጀው።

«ከአንዱ» የሚለው ቃል ትልቅ ነው። እናት ሜሪላንድ ውስጥ ልጇን ይዛ እየኖረች፣ አባት ግን ልጁ ሕፃን እያለ ትቶት ከሄደ፣ እናት ራሷ ሙሉ የልጅ ይዞታ ጠይቃ በአባት በኩል ያለውን ማስረጃ ማቅረብ ትችላለች። አጎት ወይም አክስት መሆን ግዴታ አይደለም።

ወላጆቹ ለትምህርት ብለው በፍቅር ነው የላኩት። ይህ «መጣል» ይባላል?

አይባልም። ይህን ጥያቄ በቀጥታ መመለስ አለብን። እናትና አባት በየሳምንቱ እየደወሉ፣ ገንዘብ እየላኩ ወይም ከልጁ ጋር እየተመካከሩ ከሆነ ልጁ አልተጣለም፤ ተጥሏል ብሎ መማል ደግሞ ሐሰተኛ ቃል ነው። ኢሚግሬሽን ትዕዛዙ የተጠየቀበት ዋና ምክንያት ልጁን ከወላጅ በደል ለመጠበቅ መሆኑን ይመረምራል። ከቪዛ ማመልከቻው፣ ከድንበር ላይ ቃሉና ከፌስቡክ ፎቶዎች ጋርም ሊያስተያየው ይችላል። በሐሰት የተገነባ ጉዳይ ሲፈርስ የሚጎዳው ልጁ ነው።

በተቃራኒው ብዙ ቤተሰብ በደል ሆኖ ሳለ እንደ በደል የማይቆጥረው ነገር አለ። አባት ለዓመታት አንድም ብር ሳይሰጥና ሳይጠይቅ ከቀረ፣ ልጅ ከትምህርት ወጥቶ ሰው ቤት እንዲሠራ ከተደረገ፣ በቀበቶ ወይም በሽቦ እየተገረፈ ካደገ፣ ወይም በልጅነቷ ልትዳር ታጭታ ከነበረ እነዚህ ሁሉ ለጠበቃው መነገር አለባቸው። «የቤተሰብ ገመና ነው» ተብሎ የተደበቀው ነገር ብዙውን ጊዜ የጉዳዩ ዋና ማስረጃ ነው። የወላጅ ሞትም በብዙ ስቴቶች በ«ተመሳሳይ ምክንያት» ሊታይ ይችላል፤ የሞት ማስረጃ ያምጡ።

የልደት ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ስንት ዓመት ጨምረን እንቁጠር?

እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ጉዳዩን በሙሉ ሊያጠፋ ስለሚችል ቀስ ብለው ያንብቡ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል። ሰዎች በልማድ ሁሉንም በ8 ይጨምሩታል።

ምሳሌ፦ ኅዳር 10 ቀን 1998 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በአሜሪካ አቆጣጠር የተወለደችው ኖቬምበር 19 ቀን 2005 ነው። 21 የሚሞላት ኖቬምበር 19 ቀን 2026 ነው። 8 የጨመረ ቤተሰብ እስከ ኖቬምበር 2027 ጊዜ አለኝ ብሎ ይቀመጣል። ማመልከቻው የሚገባው በሩ ከተዘጋ አንድ ዓመት በኋላ ይሆናል ማለት ነው። አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 በሚውልበት ዓመት (ከጳጉሜን 6 በኋላ) ደግሞ ቀኑ በአንድ ይሸጋሸጋል። ጥር 15 ቀን 1998 ዓ.ም. ጃንዋሪ 23 ቀን 2006 ሲሆን፣ ጥር 15 ቀን 2000 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2008 ነው።

ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ከልደት የምስክር ወረቀቱ ጋር ካልተስማማ ዝም ብለው አያቅርቡ። የትኛው ትክክል እንደሆነና ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ በቃለ መሐላ ይገለጽ። በማንኛውም ሁኔታ ሥራውን የሚያቅዱት በቀደመው ቀን ተመሥርተው ይሁን።

ምን ማስረጃ እናዘጋጅ?

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የአብዛኞቹ ወጣቶች የልደት ምስክር ወረቀት ዘግይቶ የወጣ ነው። ብቻውን ሲቀርብ ሊያጠያይቅ ይችላል። ስለዚህ የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬትና የወላጆች የሞት ወይም የፍቺ ወረቀት ካለ አብረው ይሰብስቡ። የኢትዮጵያ ስም አጻጻፍ እዚህ ይጠቅማል፦ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ መጠሪያ መሆኑን በአንድ አንቀጽ ያስረዱ። አለዚያ ዳኛው ወይም የኢሚግሬሽን መኮንኑ አባትና ልጅ የተለያየ «የቤተሰብ ስም» አላቸው ብሎ ይጠራጠራል።

አሜሪካ ውስጥ ያለውን ደግሞ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የሐኪም ካርድና አንድ ቤት እንደምትኖሩ የሚያሳይ ደብዳቤ ይሸፍነዋል። አክስት፣ አያት፣ ጎረቤት ወይም አስተማሪ በዓይናቸው ያዩትን በቃለ መሐላ ይጻፉ። «አባቱ ጥሎታል» የሚል ቃለ መሐላ ምንም አይሠራም። «ከ2005 እስከ 2012 ዓ.ም. አንድ ግቢ ስንኖር አባቱን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም፤ የትምህርት ቤት ክፍያውን የምትከፍለው አያቱ ነበረች» የሚለው ግን ይሠራል።

የአማርኛ ወረቀት ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይተርጎም፤ ማኅተሙም፣ በጎን የተጻፈውም። ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት።

ኤምባሲ የጸደቀ ውክልና አለን። አይበቃም?

አይበቃም። ውክልና ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት ሊረዳ ይችል ይሆናል፤ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ግን አይደለም። ልጁን ከስደተኛ ታዳጊዎች መጠለያ ፈርመው ሲወስዱ የፈረሙት የስፖንሰር ስምምነትም እንዲሁ አሳዳጊ አያደርግዎትም። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የሰጠው የሞግዚትነት ውሳኔ እንደ ማስረጃ ቢጠቅምም፣ ለኤስ አይ ጄ የሚያስፈልገው አሜሪካ ውስጥ ባለ የታዳጊ ጉዳይ የማየት ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት የተሰጠ ትዕዛዝ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ሂደቱ ምን ይመስላል?

ልጁ በሚኖርበት ካውንቲ ሰርኪዩት ኮርት ይቀርባል፤ ለሞንትጎመሪ ሮክቪል፣ ለፕሪንስ ጆርጅስ አፐር ማርልቦሮ ነው። ሁለት ጥያቄ አብሮ ይገባል፦ የአሳዳጊነት ወይም የልጅ ይዞታ ጥያቄው፣ እና ለኤስ አይ ጄ የሚያስፈልጉት ግኝቶች እንዲጻፉ የሚጠይቀው ማመልከቻ። ሁለተኛው ከተረሳ አሳዳጊነቱ ቢፈቀድም ኢሚግሬሽን ዘንድ ዋጋ የለውም። የመክፈቻ ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው ነጻ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል።

18 ያለፈው ወጣት ራሱ ፈቃዱን በጽሑፍ ይስጥ። አስተርጓሚ መዝገቡ ሲከፈት ይጠየቅ፤ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቀርባል። አጎት ወይም የአጎት ሚስት እንዲያስተረጉሙ አያድርጉ። የአባቱን ጭካኔ በዘመድ አፍ መናገር ለልጁ ከባድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግማሹን ይውጠዋል።

የማስረጃው መጠን እንደ ወንጀል ጉዳይ አይደለም። የሜሪላንድ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2019 እንዳለው ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል፤ ሊወጡት የማይቻል የማስረጃ ሸክም በልጁ ላይ መጫንም ከሕጉ ዓላማ ጋር አይሄድም።

አባቱ ኢትዮጵያ ነው፤ ወይም የት እንዳለ አናውቅም። መጥሪያ እንዴት ይደርሰዋል?

ጉዳዮች የሚዘገዩት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ወላጅ ሳያውቅ ስለ ልጁ አይወስንም። አባት ወይም እናት ተገኝተው ስምምነታቸውን ከፈረሙ ሥራው በሳምንታት ይቀልላል። ካልተገኙ ወይም ካልፈረሙ በሜሪላንድ ደንብ ከአሜሪካ ውጭ መጥሪያ የደረሰው ተከሳሽ ለመመለስ 90 ቀን አለው። ለቀጠሮ፣ ለትርጉምና ለፖስታ የሚሄደውን ሲጨምሩበት 20 ዓመት ከ6 ወር የሆነው ልጅ ጠርዝ ላይ ቆሟል ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ ጠበቃው የልደት ቀኑን ጠቅሶ ቀጠሮው እንዲፈጥን በጽሑፍ ይጠይቅ።

አድራሻው ጨርሶ ካልታወቀ ፍለጋውን በቃለ መሐላ ይዘርዝሩ፦ ለየትኛው ዘመድ በየትኛው ቀን እንደደወሉ፣ በመጨረሻ የታወቀበትን ቀበሌ፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም እንደፈለጉት። ዳኛው ይህን ሲያይ በሌላ መንገድ ማሳወቅ ሊፈቅድ ይችላል። «አናውቅም» ብሎ ብቻ መተው ጉዳዩን ያስመልሳል።

ልጁ በዳዩን ማነጋገር ከፈራ ይህን ይወቅ፦ የፌዴራል ሕግ በኤስ አይ ጄ ሂደት ውስጥ የተበደለ ልጅ በዳዩን እንዲያነጋግር መገደድን ይከለክላል። የስቴቱ ፍርድ ቤት መጥሪያ በአሳዳጊው ወይም በጠበቃው በኩል ስለሚላክ ልጁ ስልክ እንዲደውል አይጠየቅም።

ትዕዛዙ ወጥቶም ኢሚግሬሽን ለምን ይመልሰዋል?

ብዙ ጊዜ ትዕዛዙ የሕጉን ቃላት ገልብጦ እውነታውን ስለማይጽፍ ነው። «ከአባቱ ጋር መኖር አይችልም» ካለ በኋላ ለምን እንደማይችል፣ በየትኛው የስቴት ሕግ፣ በምን ማስረጃ እንደተወሰነ መኖር አለበት። ጠበቃው የትዕዛዙን ረቂቅ አዘጋጅቶ ለዳኛው ማቅረቡ የተለመደ ነው፤ ረቂቁን ሳይፈረም በፊት ያንብቡት፣ ስምና ቀንም ያስተካክሉ። አገር መመለስ ስለማይበጀው የሚለው ክፍል «ኢትዮጵያ ጦርነት አለ» ብቻ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ጥያቄው ይህ ልጅ፣ በዚህ ሁኔታው፣ እዚያ ማን ይቀበለዋል፣ እዚህስ ማን ይዞታል የሚል ነው።

ከትዕዛዙ በኋላስ?

የኤስ አይ ጄ ማመልከቻው፣ ቅጽ አይ-360፣ ለኢሚግሬሽን ይገባል። 18 ያለፈው ወጣት የሚፈርመው ራሱ ነው። 21 ሳይሞላ ኢሚግሬሽን እጅ መድረስ አለበት፤ ፖስታ ቤት መጣሉ አይቆጠርም። ፊርማ የጎደለው ወይም ክፍያው የተሳሳተ ፖስታ ስለሚመለስ የገባበት ቀን አይያዝለትም። በ2025 የወጣ ሕግ ቀድሞ ነጻ በነበረው በዚህ ማመልከቻ ላይ 250 ዶላር ክፍያ ጥሏል። መጠኑ ሊስተካከል ስለሚችል በሚልኩበት ቀን ያለውን ይመልከቱ። በመከታተያ ቁጥር ይላኩ፤ ቢመለስ እንደገና ለመላክ ቢያንስ የጥቂት ሳምንታት ትርፍ ጊዜ ይተዉ።

በጊዜ ከገባ በኋላ 21 ቢሞላው ዕድሜው ብቻውን አያስጥለውም፤ ይህን ጥበቃ ያመጣው በ2008 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። አሳዳጊነቱ በዕድሜ ምክንያት ብቻ ካበቃም እንደዚያው። ሕጉ ለውሳኔው 180 ቀን ያስቀምጣል።

ግሪን ካርዱ መቼ ይመጣል?

አይ-360 ሲጸድቅ ግሪን ካርድ አልተገኘም፤ ወረፋ ተያዘ ማለት ነው። ቪዛው የሚመጣው ከአራተኛው የሥራ ምድብ ሲሆን፣ እስከ 2023 መጀመሪያ ድረስ ለኢትዮጵያውያን ወረፋ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የማዕከላዊ አሜሪካ አገሮችን ለብቻ ይቆጥርበት የነበረውን አሠራር ትቶ ሁሉንም በአንድ ሰልፍ ስላስገባ ጥበቃው በዓመታት የሚቆጠር ሆነ። ከዚያ በፊት ያገኙ ዘመዶች «በስድስት ወር አለቀ» ቢሉዎት እውነታቸውን ነው፤ አሁን ግን አይሠራም። ቦታው የሚያዘው አይ-360 በገባበት ቀን ስለሆነ፣ 21 ገና ሩቅ ቢሆንም እንኳ ቶሎ ማስገባት ይጠቅማል። ቀኑ ሲደርስ የግሪን ካርድ ማመልከቻው፣ ቅጽ አይ-485፣ ይገባል።

በመጠበቂያው ጊዜ ከመባረር የሚያቆየውና የሥራ ፈቃድ የሚያስገኘው የ2022 መመሪያ በጁን 2025 ተሰርዞ ፍርድ ቤት ክርክር ተነሥቶበታል። ጠበቃዎን በዕለቱ ያለበትን ሁኔታ ይጠይቁ። ልጁ የጥገኝነት ጉዳይ ካለው ኤስ አይ ጄ ተጀመረ ብለው አይተዉት፤ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ የሚሰጡት ቃል ግን እርስ በርሱ መስማማት አለበት።

ልጁ ወረቀት ሲያገኝ ወላጆቹን ማምጣት ይችላል?

አይችልም። በኤስ አይ ጄ ግሪን ካርድ ያገኘ ሰው ለወላጆቹ፣ ላልበደለችው እናትም ጭምር፣ በልጅነቱ መብት የኢሚግሬሽን ጥቅም ሊያስገኝ አይችልም፤ ዜጋ ቢሆንም። ይህን ከመጀመራችሁ በፊት ለልጁ በግልጽ ንገሩት። እናቱን አመጣለሁ ብሎ የሚጠብቅ ልጅ ሌላ መንገድ ካለው አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ማግባትስ? መጓዝስ?

አይ-360 እስኪጸድቅ ድረስ ማግባት ጉዳዩን ያበላሸዋል። ኢሚግሬሽን በ2022 ባወጣው ደንብ መሠረት ግን ከጸደቀ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ማጽደቂያውን በራሱ አያሽረውም። ሽማግሌ መላክ ከታሰበ ይቆይ። ከአገር መውጣት ደግሞ ግሪን ካርዱ እስኪያዝ ድረስ አይታሰብ፤ ለቅሶም ቢሆን።

የ19 ዓመት ሰው ላይ ምን ሥልጣን ይኖረኛል?

ከሚያስቡት ያነሰ። ወጣቱ አዋቂነቱ አይነሣም። የካሊፎርኒያ ሕግ በግልጽ እንደሚለው አሳዳጊው ያለ ወጣቱ ፈቃድ ስለ ሕክምናው፣ ትምህርቱ ወይም መኖሪያው ሊወስንለት አይችልም። ወንጀል ቢሠራ እንደ አዋቂ ይጠየቃል። ፈቃዱን ካነሣም አሳዳጊነቱ ሊፈርስ ይችላል፤ አይ-360 ሳይወሰን ከፈረሰ ደግሞ ማመልከቻው አደጋ ላይ ይወድቃል። እርስዎ የሚገቡት ግዴታ ማስጠለል፣ ማስተማር፣ ማሳከምና አብሮ ፍርድ ቤት መቆም ነው።

እኔ ራሴ ግሪን ካርድ የለኝም። አሳዳጊ መሆን እችላለሁ?

ከላይ በጠቀስናቸው፣ ከ18 በላይ በሚፈቅዱት ስቴቶች ሕግ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ለአሳዳጊነት ቅድመ ሁኔታ ሆኖ አልተቀመጠም። ሆኖም የእርስዎ ስምና አድራሻ መዝገብ ላይ ይገባል፤ ምን ተጽፎ ምን እንደማይጻፍ፣ ወይም ወረቀት ያላት ሌላ ዘመድ ብትቆም ይሻል እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ከጠበቃው ጋር ለብቻዎ ይነጋገሩ። ጠበቃው የልጁ ጠበቃ ከሆነ የእርስዎን ጉዳይ የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልግዎታል።